ዘጠኝ መቶ ኪሎ የሚመዝነው እንግዳ

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ካለች የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ፣ ቀን ቀን የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ ያችኑ ኮምፒውተር ይዤ የሞባይል መተግበሪያ መሥራት እማራለሁ። አስተማሪሽ ማን ነበር ብትሉኝ፣ ማንም። ጎንደር ለጉዳይ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ፍላሽ እሰጠውና "እባክህ፣ ኢንተርኔት ቤት ገብተህ ይችን መጽሐፍ አውርድልኝ" እላለሁ። አንዱ ትክክለኛውን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ስለ ዶሮ እርባታ አውርዶ ይመጣል። የዶሮውንም አነበብኩት። ምን ላድርግ!

ደባርቅን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳ የሚቀመጠውም ጓዙን የሚጭነውም በበቅሎ ነው። ባለበቅሎዎቹ ማኅበር አላቸው፤ ሥራው የሚደርሳቸውም በተራ ነው። ተራው ያኔ የሚጻፈው ደብተር ላይ ነበር። ደብተሩን ዝናብ ይመታዋል፣ ገጹ ይገነጠላል፤ ከሩቅ ቀበሌ ሦስት ሰዓት ተጉዞ የመጣው ሰው "ተራህ ትናንት አልፏል" ይባላል፤ ከዚያማ ዱላ ነው። እኔ ይኸን እያየሁ "ይኼ በስልክ የሚያልቅ ነገር ነው" አልኩ። ጸሐፊው የእንግዳውን ስም፣ ክብደቱንና ጓዙን ያስገባል፤ መተግበሪያው ለሰባ አምስት ኪሎ አንድ በቅሎ እያሰበ ተረኞቹን ይመርጣል፤ በየስልካቸውም መልእክት ይልካል። ሲወራ እንዲህ ቀላል ነው። ስሠራው ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ማኅበሩ በቀላሉ አልተቀበለኝም። ሰብሳቢው አያ ደምለው በስብሰባ ላይ እንዲህ አሉ፦ "ደብተር ቢሳሳት ጸሐፊውን እንይዛለን። ስልክ ቢሳሳት ማንን ልንይዝ ነው?"

ይኼኔ የእናቴ ወንድም ቄስ ሞላ ብድግ አሉ። አጎቴ ቅዳሴ በማይኖርባቸው ቀኖች በአንዲት በቅሏቸው የሚተዳደሩ የማኅበሩ አባል ናቸው። "እኔን ያዙ" አሉ። "የእህቴ ልጅ ናት። ከሳተች የእኔ በቅሎ ይኸን ወቅት ሙሉ ከተራ ትውጣ።"

ከጥቅምት ጀምሮ እንግዳ የሚበዛበት ወቅት ነው፤ ከተራ መውጣት ማለት ቀልድ አይደለም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ "ኧረ አባ፣ ተዉ!" ማለት ነበረብኝ። ኩራት ይዞኝ ዝም አልኩ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። የመተግበሪያ ሠሪ ሁሉ የሙከራ ኮድ የሚባል ነገር ይጽፋል። የሠራችሁትን ነገር ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት የሚፈታተን ሌላ ጽሑፍ ነው። "ስም ባይጻፍስ? በቅሎ ቢያልቅስ? እንግዳው ዘጠኝ መቶ ኪሎ ቢመዝንስ?" እያለ ነገር ይፈልጋል፤ ክፉ አማት በሉት። በመፈታተን እኔ ሰነፍ አልነበርኩም። ያ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሰው የእኔ ፍጡር ነው። ስም ማውጣት ታክቶኝ ፊደሉን ተጭኜ ተጭኜ "ሀሀሀ" አልኩት፤ አባቱን "ለለለ" አልኩት።

ጥፋቴ ያኖርኩበት ቦታ ነው። ካስመጣኋቸው መጽሐፎች በአንዱ ውስጥ "የሙከራውን ኮድ በራሱ ሞጁል፣ ከዋናው በተለየ ክፍል አስቀምጡት" የሚል ምዕራፍ ነበረ። ርእሱን አየሁና ዘለልኩት። "ይኼ ሳሎንና መኝታ ቤት ላለው ሰው የተጻፈ ነው" አልኩ። እኔ የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው፤ አልጋዬ፣ ድስቴ፣ ከሰሌ አንድ ላይ ነው የሚያድሩት፤ ኮዴም እንደኔው ይኑር! ስለዚህ ሀሀሀን ከነአባቱ ከዋናው ኮድ መሐል አስተኛሁት። ይባስ ብዬ፣ በየጊዜው በእጅ ማስነሣቱ ሲሰለቸኝ፣ መተግበሪያው በተከፈተ ቁጥር ሙከራው ራሱ እንዲነሣ አደረግኩት። የሐሰት ስልክ ቁጥር መፍጠርም ታከተኝና የማኅበሩን እውነተኛ የአባላት ዝርዝር ሰጠሁት።

ታዲያ በስምንት ወር እንዴት አልተነቃብሽም? ትሉኝ ይሆናል። ስልኬ ካርድ ኖሮት አያውቅም! መልእክቱ ይነሣል፣ ይንደፋደፋል፣ ይቀራል። እኔም "ጎሽ፣ ሠራ" እላለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መተግበሪያውን የማኅበሩ ስልክ ላይ ጫንኩት። ሐሙስ ከሰዓት ስብሰባ ነበረ፤ ደብተሩ ይቅር ወይስ አይቅር የሚለው የሚወሰነው ያን ቀን ነው። ጸሐፊው ጌትነት እኩያዬ ነው፤ አዲስ ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው ዓይነት ሰው።

"ካርድ ሞልቼበታለሁ፤ እንዳታስቢ" አለኝ።

"ጌትነት፣ እስከ ነገ እንዳትነካካው።"

"ምን በወጣኝ!"

ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ስምንት በቅሎ ኮርቻውን እንደተጫነ ቆሟል። "ዛሬ ብዙ እንግዳ አለ ማለት ነው" ብዬ ደስ አለኝ። መታጠፊያው ላይ ሌላ አሥር አየሁ። የማኅበሩ ቢሮ ፊት ያለው ሜዳ ስደርስማ በቅሎው ከሰው በልጧል። ከደጋው ቀበሌ የሚመጡት አያ ሻረው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የመጫኛ ገመድ በትከሻቸው ጠምጥመዋል። ከአጠገባቸው መሬት ላይ ከአዲስ ባሕር ዛፍ የተሠራ ቃሬዛ ተጋድሟል።

"አያ ሻረው፣ በሰላም ነው? የታመመ ሰው አለ እንዴ?"

"የታመመስ የለም፤ እንግዳ ልንጭን ነው" አሉኝ። "በቅሎ ላይ የሚቀመጥ አልመሰለኝም። ቃሬዛውን በአራት በቅሎ መሐል ብናንጠለጥለው ብዬ ነው። አንቺ ተምረሻል፤ ይችላል ትያለሽ?"

"ማን ነው እንግዳው?"

ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ዘረጉልኝ። "ልጄ ናት ያነበበችልኝ። አንብቢው።"

እንዲህ ይላል፦ "እንግዳ፦ ሀሀሀ ለለለ። ክብደት፦ 900 ኪሎ። ጓዝ፦ የለም። በቅሎ፦ 12። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ደባርቅ።"

እናንተዬ፣ ዳቦው ከእጄ ወደቀ። አንዷ በቅሎ ጎንበስ ብላ በላችው።

"ሀሀሀ የየት አገር ስም ነው?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ፈረንጅ ያሻውን ይባላል፤ አንተ ምን ቸገረህ?"

"ስሙስ ይሁን። ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሆኖ ጓዝ የለም ይላልኮ!"

"ምን ጓዝ ያስፈልገዋል? ራሱ ጓዝ አይደለም?"

"አንድ መሰላችሁ?" አለ ሌላው። "ለእኔ የደረሰኝ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ለወንድሜ የደረሰው ማታ አንድ ሰዓት ላይ፤ ለጎረቤቴ ደግሞ ዛሬ ጠዋት። ሦስት ናቸው።"

"ሦስቱም ሀሀሀ?"

"መንታ ናቸዋ!"

"ሦስት ሆነው መንታ? አንተ ሰው፣ ተው!"

ጆሮዬን ማመን እያቃተኝ ነው። አንዱ ጭራሽ አዲ አርቃይ ላለው አማቹ ደውሎ ኖሮ፣ ስልኩን እየዘጋ ጮኸ፦ "ደርሷል! አማቼ አይቶታል! ሸራ የለበሰ ከባድ መኪና እያቃሰተ አልፏል። ሊማሊሞን ሲወጣ ከብዶት ነው የዘገየ!"

ይኼኔ ሕዝቡ "እሰይ" ብሎ ኮርቻውን ያጠብቅ ጀመር።

እየሮጥኩ ቢሮ ገባሁ። ጌትነት ወንበሩ ላይ ሆኖ ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል፤ ፊቱ የገብስ ዱቄት መስሏል።

"ስንት ጊዜ ከፈትከው?"

"ሦስት ጊዜ ብቻ" አለኝ። "አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለሚስቴ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለጎረቤታችን። በየጊዜው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰው ነው የጠራው፣ አስካል። እኔ ምንም አልነካሁም፤ እይው፣ እንዲህ አድርጌ ነው የ..."

"አትክፈተው!"

ከፈተው።

ከዚያ ከውጭ፣ ከሜዳው ዳር፣ ወሬውን ሰምተው በቅሏቸውን ይዘው የመጡ፣ ገና ያልተጠሩ ሰዎች ከቆሙበት በኩል፣ ጢጥ አለ። ጢጥ፣ ጢጥ ጢጥ። አሥራ ሁለት ጊዜ። ወዲያው የሰው ድምፅ ተከተለ፦ "አራተኛው! አራተኛው መጣ! እናቲቱ ምን ትበላ ነበር?"

አርባ ስምንት በቅሎ። በማኅበሩ ታሪክ በአንድ ጠዋት ይኸን ያህል በቅሎ ወጥቶ አያውቅም።

ስልኩን ነጥቄ አጠፋሁትና ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ጌትነት ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "ስሚኝ። ኔትወርክ ነው በይ።"

"ምን?"

"ኔትወርክ ነው በይ። ማን ይጠይቅሻል? ኔትወርክ ያላጠፋው ነገር ምን አለ? ከሰዓት ስብሰባ ነው፤ ስቻለሁ ካልሽ የቄስ ሞላ በቅሎ ወጣች። ኔትወርክ ከሆነ ግን ማንም አልሳተም።"

ልክ ነበር። ይኸን ለመናገር ምንም ጥበብ አይጠይቅም፤ አገሩ ሁሉ የሚያምነው ሰበብ ነው። አፌ ላይ መጣልኝም። በዚህ መሐል አጎቴ በሩ ላይ ቆሙ። ጥምጣማቸው አዲስ ታጥቧል፤ በቅሏቸውን የበዓል ግላስ አልብሰዋታል። ለካ እሳቸውም ከተጠሩት ናቸው።

"አስካልዬ!" አሉኝ፤ ፊታቸው በርቷል። "እኔ የማውቀው ደብተሩ ስምንት በቅሎ ለመጥራት ሁለት ቀን እንደሚፈጅበት ነው። አርባ በቅሎ በአንድ ጠዋት! አያ ደምለውን አሁን አየኋቸው፤ የሚሉት ጠፍቷቸዋል። አላፈርኩብሽም ልጄ።"

ጌትነት በክርኑ ጎሸመኝ። ለኔ ደግሞ የአጎቴን ፊት እያየሁ መዋሸት አልሆነልኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት እዋሽ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

"አባ" አልኩ፣ "ሀሀሀ የሚባል ሰው የለም።"

"እንዴት የለም? ሊማሊሞ ደርሷልኮ!"

"እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ለሙከራ ነው። ከዋናው ጋር ቀላቅዬ አስቀምጬው አምልጦ ወጣ።"

አጎቴ በቅሏቸውን ዞረው አዩ። ከዚያ "ለእኔ የነገርሽውን ለእነሱም ንገሪያቸው" ብለው ከበሩ ገለል አሉልኝ።

ከቢሮው ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሙከራውን፣ ስንፍናዬን፣ ካርድ የሌለውን ስልኬን። ስጨርስ የበቅሎ ጭራ ዝንብ ሲመታ ይሰማል።

መጀመሪያ የተናገሩት አያ ሻረው ናቸው። "እንግዲያ አይመጣም ማለት ነው?"

"አይመጣም አያ ሻረው። አልተወለደም።"

"ወንድሞቹስ?"

"እነሱም።"

"አይ" አሉ ቃሬዛውን እያዩ፣ "እኔስ ማየት ፈልጌ ነበር።"

ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ ግን መቆጣት ጀመረ። "ሥራዬን ጥዬ ነው የመጣሁት!" "ከሌሊቱ ጀምሮ እኮ ነው የተጓዝኩ!" አያ ደምለው በትራቸውን አነሡና ሰው ዝም አለ። "ቁጣው ይቆይ" አሉ። "ኮርቻ የተጫነ፣ ተጠርቶም የወጣ በቅሎ ባዶውን አይመለስም። ከተመለሰ ወቅቱ ይደርቃል። ይኸን አባቶቻችን የነገሩን ነው። አርባ ስምንት በቅሎ ምን ይጫን? እሱን ንገሩኝ።"

እውነት ነው፤ የበቅሎ ሰው በዚህ ነገር አይቀልድም። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ልጭንባቸው የምችለው አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ብቻ ነበር፤ እሱም የሰው ነው።

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ክረምቱ የቤተ ክርስቲያናችንን ቤተ ልሔም እንዳፈረሰው ታውቃላችሁ። ድንጋዩ ወንዝ ዳር ተፈልጦ ተከምሮ የሚያወጣው አጥቷል። እንግዲህ ያ የተጻፈው ዘጠኝ መቶ ኪሎ አራት ጊዜ ከሆነ፣ እሱም ድንጋይ ይሁን።"

ማን እምቢ ይላል? የበረከት ሥራ ነው። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ከየሱቁ ተለመነ፤ አርባ ስምንት በቅሎ ተሰልፎ ወደ ወንዙ ወረደ። እኔም የቅጣቴን ድንጋይ አነሣሁ። አያ ሻረው ቃሬዛቸውን አልጣሉትም፤ ትልቁን የማዕዘን ድንጋይ በአራት በቅሎ መሐል አንጠልጥለው "ይኼውላችሁ፣ ሀሀሀ!" እያሉ በከተማው መሐል አሳለፉት። ሱቅ ያለው ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበለት።

ዳገቱን ስንወጣ ከአጎቴ ጎን ሆንኩ። ለመታረቅ ያህል ወሬ ጀመርኩ። "አባ፣ ይኼን ሁሉ ድንጋይ አምጥቶ ለብቻው ቤት ከመሥራት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጋር ቢያያዝ ምን ነበረበት? በግማሹ ድንጋይ ያልቅ ነበር።"

ቆሙ። "ምን ትላለች ይቺ! ቤተ ልሔም ለብቻው ነው እንጂ! ስንዴው የሚፈጨው፣ ሊጡ የሚቦካው፣ እሳቱ የሚነደው እዚያ ነው። አንዱ ኅብስት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ያርራል። ያረረው እዚያው ይቀራል። ነውር የሌለበት ብቻ ተመርጦ፣ ተሸፍኖ ወደ መቅደስ ይገባል። ጭስና ዱቄት መቅደስ ገብቶ ምን ሊያደርግ ነው?"

"ሁለቱ ግን አይተዋወቁም?"

"ቤተ ልሔሙ የሚደክመው ለመቅደሱ ነው፤ መቅደሱን ያውቃል። መቅደሱ ግን የዱቄት ጣጣ ምን አሳስቦት!"

እኔ ደረቅኩ። ከኋላ የምትመጣው በቅሎ ከነድንጋይዋ ጀርባዬን ገፋችኝ፤ አልተንቀሳቀስኩም። የዘለልኩት ምዕራፍ ይኼ ነበር! ሙከራው ዋናውን ያውቀዋል፤ ዋናው ግን ሙከራውን አያውቀውም። ያረረው እዚያው ይቀራል። መጽሐፉ በአሥራ አራት ገጽ የጻፈውን አጎቴ ዳገት ላይ ቆመው፣ እያለከለኩ፣ በሦስት ቃል ጨረሱት።

ከሰዓት ስብሰባው ላይ ጥግ ይዤ፣ ፍርዴን እየጠበቅኩ ተቀመጥኩ። አያ ደምለው ተነሡ። "አንድ ጥያቄ አለኝ። ዛሬ ተጠርቶ የቀረ አለ?" የለም። "የዘገየስ?" የለም። "ተራው የተዘለለበት?" እሱም የለም። አዛውንቱ ደብተሩን አንሥተው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። "ይኼ ደብተር ለእውነተኛ እንግዳ ያን ያህል ሰው በሰዓቱ አምጥቶልን አያውቅም። ልጅቱ ለሌለ እንግዳ አመጣች። ያን ሰውዬ ታውጣልንና ይቀጥል።"

እጅ ወጣ፤ አለፈ። የአጎቴንም ነገር አነሡ፤ "ቃሉ ይቅር፣ በቅሏም ተራዋን ትጠብቅ" ብለው ሁሉም ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ኮዴን ሳፈርስና ስገነባ ከረምኩ። ለሙከራው የራሱን ሞጁል ሠራሁለት። እዚያ ያሉት ሰዎች ሁሉ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ስልካቸው ለማንም አይደውልም። መልእክት የሚልከውንም ክፍል በሐሰተኛ ላኪ ተካሁት፤ "ይኸን ለእገሌ ልልክ ነበር" ብሎ ይጽፋል እንጂ አይልክም። መተግበሪያው ለሰው ስልክ ሲታሸግ ያ ሞጁል ደጅ ይቀራል። ሀሀሀ ለለለ እስከ ዛሬ እዚያው ይኖራል፤ አሁን አንድ ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ገብቷል፤ ማንንም አላስቸገረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መተግበሪያ ሠርቻለሁ፤ ሴት ልጆችንም አስተምራለሁ። መጀመሪያ ቀን የማሳያቸው ኮድ አይደለም፤ ባዶ የሆኑ ሁለት ማኅደሮችን ከፍቼ "ይኼ የሥራ ቤትሽ፣ ይኼ የመፈተኛ ቤትሽ" እላቸዋለሁ። እናንተም ይኸን የምታነቡ፣ ኮድ ባትጽፉም፣ ገና የምትሞክሩትን ነገር ሰው ከሚደገፍበት ነገር ጋር አታሳድሩት። አንድ ክፍል ቤትም ቢሆን መጋረጃ ይዘረጋል። ሌላው ደግሞ፣ ያጠፋችሁትን ኔትወርክ ላይ አትላኩ። ብዙ ጥፋት አለበት፤ የእናንተን አትጨምሩበት።

አጎቴ ስብሰባው ይቅር ቢላቸውም በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ እንደወጡ ጌትነት ቤት ሄደው ስማቸውን ከዝርዝሩ አስወጡ። ያን ወቅት ሙሉ በበቅሏቸው ደባት ገበያ እህል ሲያመላልሱ ከረሙ። ለእኔ አልነገሩኝም፤ የሰማሁት ከጌትነት ነው። ግንቦት ላይ ተመልሰው "አሁን ጻፈኝ" አሉት፤ ከሁሉም መጨረሻ ተጻፉ።